ያውቁ ኖሯል? የሞተር ፋሻ ጉድ!

መኪናዎ ፋሻ ታስሮለታል! ታሞ እንዳይመስልዎ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የታሰረለት ነው። ሐኪም ቤት ቁስል የሚጠቀለልበትና ጋራዥ ውስጥ ፒስተን ላይ የሚገባው ነገር አንድ ስም የያዙት በአጋጣሚ አይደለም። ጣሊያኖች የፒስተኑን ቀለበት «ፋሻ ኤላስቲካ» ይሉታል፤ የሚለጠጥ መቀነት ማለታቸው ነው። የእኛ መካኒኮች መለጠጡን ጣሉት፣ ፋሻውን አስቀሩት!

ሆላንዶችስ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ዞይገርፌር»! «ዞይገር» መጣጭ ማለት ነው፤ «ፌር» ደግሞ ሞላም ላባም ነው። ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት ሰፈር፣ መካኒኩ አንገቱን እየነቀነቀ «ፌሩ አልቋል» ቢልዎ ስለ ዶሮ እያወራዎት አይደለም!

ሆግቭሊት ራሷ በነዳጅ ያደገች ሰፈር መሆኗንስ ያውቁ ኖሯል? አጠገቧ የፔርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ተዘርግቷል፤ በአውሮፓ ትልቁ! በቀን ከ400,000 በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይውጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትንሿ መንደር ወደ ከተማነት የተለወጠችው በአብዛኛው ለማጣሪያው ሠራተኞች ማደሪያ እንድትሆን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ማጣሪያው ውስጥ የደረሰው ፍንዳታ የአካባቢውን የመስኮት መስታወት አርግፎታል!

ባለ 4 ሲሊንደር መኪና ስንት ፋሻ ያለው ይመስልዎታል? 12! በአንድ ፒስተን 3። ሁለቱ የላይኞቹ እሳቱን ያፍናሉ፤ ታችኛው ዘይት ይጠርጋል። ያ ታችኛው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ቁራጭ የተሠራ ነው! የላይኛው ውፍረት በዛሬ መኪኖች ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከአንድ ብር ሳንቲም የቀጠነ ብረት፣ ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሚነድ እሳት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይውላል!

ደግሞ ሙሉ ቀለበት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ተቆርጧል! ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ጫፎች የሚተያዩት በ0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት ነው። ብረቱ ሲሞቅ ክፍተቱ ይጠባል። ጠቦ ጠቦ ጫፎቹ ከተላተሙ ፋሻው ይሰበራል፤ ሲሊንደሩንም ይዞት ይጠፋል!

ትምህርት ቤት ሳሉ ፓይን ይጠሉት ነበር? እዚህ ተደብቆ ይጠብቅዎታል! የሲሊንደሩ ስፋት በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ የፋሻው አፍ የሚሰፋው በ0.1 አይደለም፤ ከ0.3 በላይ ነው! በ3.14 ይባዛል! ለዚህ ነው መካኒኩ ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከትቶ፣ በተገለበጠ ፒስተን ገፍቶ ካስተካከለው በኋላ በቀጭን የብረት ቅጠል አፉን የሚለካው። ዓይን የማያየውን መበላት አፉ ሦስት እጥፍ አድርጎ ይናገራል!

ፋሻውን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቀው የራሱ ሞላነት ይመስልዎታል? ዋናው እሱ አይደለም! እሳቱ ራሱ ከጀርባው ገብቶ ይገፋዋል። እንዲያመልጥ የማይፈለገው ጋዝ የገዛ በሩን ይዘጋል!

ፋሻው ቦታው ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሞተሩ ሲሠራ ቀስ እያለ ዙሪያውን ይሽከረከራል! መካኒኩ የሦስቱን ፋሻዎች አፍ በጥንቃቄ አራርቆ ይገጥማቸዋል፤ እነሱ ግን ቆየት ብለው እንዳሻቸው ይዞራሉ!

ሞተርዎ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል! አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች። ሲሊንደሩ ክፉኛ የሚበላውም ፒስተኑ ሲሮጥ ሳይሆን ላይ ደርሶ ሲቆም ነው! ያን ጊዜ የዘይቱ ሽፋን ይሳሳል፤ ብረት ከብረት ይገናኛል።

እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢዞር፣ ፋሻው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ቆጣሪው 200,000 ሲሞላ ፋሻው ከ80,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል ማለት ነው። ምድርን ሁለት ጊዜ ዞሯታል! ያውም ከ9 ሳንቲ ሜትር በላይ ርቆ ሳይሄድ!

አሁን ወደ ምርመራው! ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው፣ ገልብጠው አፉ ላይ ያስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደግ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም ጥቂት ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋል። እስክስታ ከወረደ ግን ፋሻው እሳቱን እየለቀቀ ነው! አንድ ቅዳሜ ሆግቭሊት መኪና ማቆሚያ ላይ ከወዳጄ ጋር ያገለገለች መኪና ልናይ ሄድን። ክዳኑን እንዳስቀመጥነው ዘሎ ባትሪው ላይ አረፈ። ሻጩ ምንም ሳይናገር አነሳው፣ በመሀረቡ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ሦስታችንም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን!

አንዳንዴ ምስክሩ የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። ሞተሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ዘንጉን ከጎሬው ገፍቶ ያወጣዋል! ማንም ሳይነካው!

ጭስም ቋንቋ አለው! ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ውሃ ይጠረጠራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ዘይት ይበላል» የሚባለው ይኼ ነው!

ሰማያዊ ጭስ ሁሉ ግን የፋሻ አይደለም! ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው አንስተው ይውረዱ፤ ከታች ሲደርሱ ይርገጡት። ያን ጊዜ ብቻ ቡፍ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒው ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻውን ይጠርጥሩ! አዲስ አበባ ለዚህ የተፈጠረች ናት፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ማንኛውንም ሞተር ያናዝዛል!

የሮተርዳም ሰውስ ምን ይዋጠው? ቁልቁለት የለውማ! ለከተማዋ ቅርብ የሆነው የዞይድፕላስ ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 6.76 ሜትር ነው፤ የአገሪቱ ዝቅተኛ ቦታ! ለሆግቭሊት ነጂ የቀረው ቁልቁለት እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የቤኔሉክስ ዋሻ መንገድ ነው፤ ከወንዝ በታች ገብቶ ይወጣል። እንጦጦን ያጣ ሰው ሞተሩን በወንዝ ሥር ይፈትናል!

ካንዴላውን ፈትተው ይዩት። አራቱን ጠረጴዛ ላይ ይደርድሯቸው። ሦስቱ ደርቀው ቡናማ፣ አንዱ ብቻ ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ በሽተኛው ሲሊንደር ራሱን አጋለጠ! ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው የካንዴላ መፍቻ ብቻ ነው።

አሁን የምነግርዎ ግን ከሁሉ ይደንቀኛል! አንድ ጤነኛ መኪና ሮተርዳም ውስጥ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት፣ ሲለካ 12 ባር ያነባል እንበል። ያንኑ መኪና ሳይነኩ አዲስ አበባ አምጥተው ይለኩት። 9 ገደማ! ፋሻው አላለቀም፤ ያለቀው አየሩ ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ አገር በተጻፈ መጽሐፍ የአዲስ አበባን ሞተር የሚመረምር መካኒክ ስንቱን ጤነኛ ሞተር በከንቱ አስወርዶ ይሆን!

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይናገራል! አራቱም ሲሊንደር እኩል ዝቅ ካሉ ከፍታው ወይም ዕድሜው ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ከከፍተኛው በሩብ ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ እዚያ ቤት ችግር አለ!

አንድ ማንኪያ ዘይት የስንት ሺሕ ብር ጥያቄ ይመልሳል ቢባሉ ያምናሉ? ኮምፕሬሽኑ ያነሰው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ ያድርጉና እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከዘለለ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖታል፤ ጥፋቱ የፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ነው! ንቅንቅ ካላለ ከሲሊንደሩ በላይ የተከደነውን ቴስታታ ይዩ፤ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይቺን ጨዋታ አይሞክሯት!

ጆሮ ያለው ሰው መሣሪያም ብዙ አያስፈልገው! ፒስተኑ ላይ ደርሶ ቆሞ፣ ቫልቮቹም ተዘግተው እያለ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይግባ። ከዚያ ያዳምጡ። በዘይት መሙያው «ሽሽሽ» ካለ ፋሻ! በጭስ ማውጫው ካለ የጭስ ቫልቭ! በአየር ማስገቢያው ካለ የመግቢያው ቫልቭ! ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ ጓርኒሲዮን! ሞተሩ ሳይፈታ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚተነፍስ ይናዘዛል!

ቴስታታው ከወረደ ደግሞ ጥፍርዎ ይበቃል። በሲሊንደሩ አናት ውስጡን ወደ ላይ ይጥረጉት። ከተደናቀፈ ፋሻው የማይደርስበት ጠርዝ ሳይበላ ቀርቷል፤ ከሥሩ ያለው ግን ሄዷል! አዲስ ሲሊንደር ደግሞ እንደ መስታወት የለሰለሰ እንዳይመስልዎ። ሆን ተብሎ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ጭረት ይጫርበታል! ዘይት የሚያዘው በጭረቱ ውስጥ ነው። ከ200,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ጭረት አሁንም የሚታይባቸው ሞተሮች አሉ!

ፋሻው ሳያልቅም ዘይት ሊበላ ይችላል! የታችኛው ፋሻ ቀዳዳዎች በጥቀርሻ ሲደፈኑ የጠረገውን ዘይት የሚመልስበት ያጣል። ለካ ፋሻው አላረጀም፤ ታፍኗል! በነገራችን ላይ አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ዘይት መጉደልን ጤናማ ነው ብለው በመጽሐፋቸው ጽፈዋል! አባቶቻችን ቢሰሙ መኪናውን ይመልሱት ነበር።

የሳተርንን ቀለበት ምንነት የደረሰበት ሰው የፒስተን ሞተር አያት መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የሄጉ ተወላጅ ክርስቲያን ሆይገንስ! እ.ኤ.አ. በ1659 ሳተርን በቀለበት መከበቧን አብራርቶ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1673 ደግሞ በሲሊንደር ውስጥ በባሩድ ፍንዳታ የሚሠራ ፒስተን አቀደ! የሰማዩን ቀለበት አወቀ፤ የፒስተኑ ቀለበት እስኪመጣ ግን ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም!

እስከዚያ ፒስተን በምን ይታሸግ ነበር? በቃጫና በሞራ! የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሮች እንደ በርሜል ውታፍ በተጠቀለለ ቃጫ ነበር የሚሠሩት። የተቆረጠውን የብረት ቀለበት እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ዛሬ መኪናዎ ውስጥ ያለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1849 ከአምስተርዳም ብዙም ሳይርቅ የተተከለው የክሩኪዩስ የእንፋሎት ፓምፕ የሲሊንደሩ ስፋት 3.66 ሜትር ነው! አልጋ ቢገባበት ለሰው ማለፊያ ይተርፋል። እሱና ሁለት ጓደኞቹ አንድ ሙሉ ሐይቅ መጥጠው በ1852 አደረቁት። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዚያ የሐይቅ ወለል ላይ ነው! ከአዲስ አበባ ተነሥተው አምስተርዳም ሲያርፉ የሚያርፉት ከባሕር ወለል በታች ነው!

ባለ 6 ሲሊንደር መኪና ከዓለም ቀደምት ከሆኑት አንዱ የአምስተርዳም ልጅ ነው! የስፓይከር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ሠሩት፤ አራቱም ጎማው በሞተር የሚገፋ፣ ፍሬኑም በአራቱም ጎማ! ዛሬ ሄግ፣ ላውማን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። እነዚሁ ወንድማማቾች ከዚያ በፊት ለንግሥቲቱ የወርቅ ሠረገላ የሠሩ ናቸው!

ሮተርዳም እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 2004 የዓለም ቁጥር አንድ ወደብ ነበረች። ወደዚያ የሚመጡ ግዙፍ የኮንቴይነር መርከቦች ሞተር ምን ያህል ይመስልዎታል? የአንዱ ሲሊንደር አፍ 96 ሳንቲ ሜትር! ትልቁ የእንጀራ ምጣድ ይሰምጥበታል! ፒስተኑ 2.5 ሜትር ይወጣል፣ 2.5 ሜትር ይወርዳል። በደቂቃ የሚዞረው ግን 102 ጊዜ ገደማ ብቻ! እ.ኤ.አ. በ2006 ባሕር የገባችው ኤማ ማርስክ እንዲህ ያሉ 14 ሲሊንደሮች ተደርድረውላታል።

የእነዚያ ሞተሮች ፋሻ ሲመረመር ሞተሩ አይፈታም! መርከቧ ስትቆም መሐንዲሱ የእጅ ባትሪ ይዞ አየር ወደሚገባበት ክፍል ይገባል። ሞተሩ ቀስ ተደርጎ ይዞርለታል። በሲሊንደሩ መስኮቶች አሻግሮ ፋሻዎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ በእንጨት ጫፍ ይጫናቸዋል። ተጭኖ ከተመለሰ በሕይወት አለ! ካልተመለሰ በጥቀርሻ ተጣብቋል፣ ወይም ተሰብሯል! ዓለምን የሚያዞረው ሞተር በእንጨት ጫፍ ይመረመራል!

ፋሻ በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ተጠብሶ ያውቃል ቢባሉስ? እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ፋሻን ጨረር አመንጪ አደረጉት፤ ሞተር ውስጥ ገጠሙት፤ ከዚያ ዘይቱን በጨረር መለኪያ አዳመጡት። መለኪያው በጮኸ ቁጥር ፋሻው ስንት እንደተበላ ታወቀ! ሞተሩ ሳይቆም!

ሁሉም ፋሻ ክብ ነው ያለዎት ማን ነው? ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞላላ ፒስተን ያለው የውድድር ሞተር ብስክሌት ይዞ መጣ! ፋሻውም ሞላላ!

አዲስ ፋሻ መበላት አለበት! አዎ፣ ሆን ተብሎ! ከግድግዳው ጋር እስኪላመድ ጥቂት ይፋጫል፤ ነጂዎች «ሮዳጅ ላይ ነው» የሚሉት ይኼንን ነው። ሳይበላ የቀረ ፋሻ ዘይት ይበላል!

የሆላንድ የመኪና ምርመራ «አፔካ» ይባላል፤ የእኛ የቦሎ ምርመራ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አለ። ፈቃድ ያለው የሰፈር ጋራዥ ራሱ መርምሮ ያሳልፋል። ታዲያ ማን ይቆጣጠረዋል? ዕጣ! ካለፉት 100 መኪኖች 3 ያህሉ በዕጣ ይወጡና የመንግሥት ተቆጣጣሪ ጋራዡ ድረስ መጥቶ እንደገና ያያቸዋል። ዕጣው የወጣበት መኪና እሱ እስኪመጣ ከበር አይወጣም! ይኼ ሁሉ ሲሆን ኮምፕሬሽን የሚለካ ግን የለም! ፋሻው የሚያዘው በጭሱ በኩል ነው።

ከሆላንድ ወደ አፍሪካ ይላኩ የነበሩት አብዛኞቹ ያገለገሉ መኪኖች ከ16 እስከ 20 ዓመት ያስቆጠሩ ነበሩ! ብዙዎቹ ሲጫኑ የጸና አፔካ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ብቻ በዓለም ዙሪያ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ድንበር ተሻግረዋል። ያለቀ ፋሻም ፓስፖርት ሳይጠየቅ አብሮ ተሻገረ!

ፋሻው ክፉኛ ያለቀ ናፍጣ ሞተር ቁልፍ አጥፍተውት ላይጠፋ ይችላል! የገዛ ዘይቱን በመተንፈሻው ስቦ፣ እሱኑ እንደ ነዳጅ እያነደደ ይጮኻል። ቁልፉ እጅዎ ላይ፣ ሞተሩ ሰማይ ላይ! የሚያቆመው አየር መከልከል ነው፤ ዘይቱ እስኪያልቅ የጠበቀ ሰው ሞተሩን አያገኘውም።

ኮምፕሬሽን ካነሳን አይቀር! እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ጎዳና ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰ። በላይነህ ዴንሳሞ! ክብረ ወሰኑ ለ10 ዓመት አልተነካም! አየሩ የሳሳበት አገር ሳንባ፣ አየሩ የወፈረበት ከተማ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ሮተርዳም በዓይኗ አየች።

የቤንዚንና የናፍጣ የግል መኪና እንዳይገባ በመከልከል ከዓለም ቀዳሚዋ አገር ማን ናት? ሆላንድ? ኖርዌይ? ኢትዮጵያ! በጥር 2016 ዓ.ም ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና ፒስተን የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ፋሻ የለው! አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ግን ገና ዘይታቸውን እየበሉ ነው።

ፋሻ የሌለው ተሽከርካሪም ከጉድ አያመልጥም! በሆግቭሊት በኩል የሚያልፈው ሜትሮ መጨረሻው ስፔይከኒሰ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2020 ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ባቡር መቆሚያውን ጥሶ ወደ አየር ወጣ። ከታች ውሃ፣ ከታች ገደል! ግን እዚያው ቆሞ የነበረ የዓሣ ነባሪ ጭራ ሐውልት ባቡሩን ቀለበው! ሐውልቱ የተሠራው ከፕላስቲክ ነው! ስሙስ? «በዓሣ ነባሪ ጭራ የተረፈ»! ስሙ የወጣለት ከአደጋው ከብዙ ዓመት በፊት ነበር! ተሳፋሪ አልነበረም፤ ነጂው ራሱ ከባቡሩ ወጥቶ ሄደ!